ከበሮው የቆመበት ደቂቃ

ሰኞ ጠዋት፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን
ከስፌት ቤቱ

ስልኬን ለማያነሣው ልጄ፣

እንደምን አለህ? ጉልበትህስ? ደግሜ ልጠይቅህ፣ ጉልበትህስ? ከትናንት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሣህም። እንግዲህ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ቁጭ ብለህ ታነበኛለህ።

መጀመሪያ ግልጹን ልንገርህ። አትምጪ አልከኝ፤ መጣሁ። «እናቴ ከሚሰድቡኝ ሰዎች መሀል ቆማ ከበሮ ስትመታ እንድትታይ አልፈልግም፤ ከመጣሽም እናቱ ነኝ እንዳትዪ» ነበር ያልከው፣ ቃል በቃል። እሺ አልኩህ እንዴ? ስልኩን ነው የዘጋሁት። ይህን የእግር ኳስ ቡድናችንን እየተከተልኩ አገር ላገር ስዞር አንተ መጀመሪያ በሆዴ፣ ቀጥሎ በጀርባዬ ነበርክ። አድገህ ወደ ባላንጣችን ሄድክ። ይሁን፣ እንጀራህ ነው። እኔ ግን ማሊያ አልቀይርም።

ትናንት ማለዳ አውቶቡሱ ጋ ስደርስ የደጋፊዎች ሊቀመንበራችን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፀጉር አስተካካዩን ማለቴ ነው፤ ልጅ ሆነህ እያለቀስክ የላጨህ እሱ።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ከበሮውን ለሌላ ሰው ብንሰጠው? ልጅዎ ያለበት ቡድን ነው፤ አንጀትዎ አይችልም» አለኝ።

«አንጀቴን ተወውና ምላጭህን ጠብቅ» ብዬው ገባሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ ከሾፌሩ አጠገብ ከበሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ወገቤ ደነዘዘ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ሕጋችንን መቼም አትረሳውም። ፊሽካ ከተነፋበት እስከ መጨረሻው ከበሮው አይቆምም። ቢያገቡብንም፣ ቢዘንብም፣ ዳኛው ቢበድለንም አይቆምም። ያቆመ ሰው መምቻውን ያስረክባል። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲጋራ ልለኩስ ብሎ አቁሞ ጎል ሲገባብን ከበሮውን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አቁሜ አላውቅም።

የእናንተ ስታዲየም ጥበቃ መምቻውን አገላብጦ አይቶ «ይህ ዱላ ነው፣ አይገባም» አለኝ። «ታዲያ በምን ልምታው፣ በግንባሬ?» አልኩት። ያንተን ስም ብጠራ እኮ ወንበር ይዞልኝ ይመጣ ነበር። አልጠራሁም። አትዪ ብለሃላ። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቄ አስገባሁት።

ለእኛ የሰጡን ቦታ ጥግ ላይ ነው፣ በሽቦ የታጠረው። ወደ ሜዳ ስትገቡ የኛዎቹ «ከሃዲ! ከሃዲ!» ማለት ጀመሩ። ቃሉ ከእኔ አፍ አልወጣም፤ ምቱን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ፣ አልዋሽህም። ቀና ብለህ አየኸኝና ወዲያው ጫማህን ለማሰር አጎነበስክ። ጫማህ ታስሮ ነበር።

ከዚያ በሃያኛው ደቂቃ አገባህብን። በግራ እግርህ! የስፌት ቤቴን ቆርቆሮ በር ስትነርትበት ባደግክበት በዚያው እግርህ። በሩ ይኸው እስከ ዛሬ እንደሰረጎደ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ መኪና ገጨው ወይ ይለኛል። ጎሉ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ጭራሽ ባሰብኝ፤ ከበሮው ይቀደድ እስኪመስል ደበደብኩት። ደስ ብሎሽ ነበር ወይ ካልከኝ አልነግርህም።

ከዕረፍት በኋላ ነው እንግዲህ ጉዱ። «ግንቡ» የምንለው መጣብህ፤ የእኛው ተከላካይ፣ ባለፈው ሳምንት ሱሪውን ያሳጠርኩለት። ወደቅክ። የኛዎቹ በደስታ ጮኹ። እኔም እየመታሁ ነው። ይነሣል ብዬ አየሁህ፤ አልተነሣህም። አሁን ይነሣል አልኩ፤ አልተነሣህም። ቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላውቀውም። ብቻ ሽቦውን በሁለት እጄ ጨብጬ ራሴን አገኘሁት። ሁለቱም እጄ ሽቦው ላይ ከሆነ መምቻው የት ሄደ? እግሬ ሥር ወድቋል። ከበሮው ቆሟል። መቼ እንደቆመ እንጃ።

ፈራሁ፣ ልጄ። አባትህ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አንተን ይዘውህ ከወጡ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛው ገባብን።

አንተ እንግዲህ ሳትጠይቀኝ ሄደች ብለህ ይሆናል ስልክ የማታነሣው። አዳምጠኝ። ጨዋታው እንዳለቀ ወደ ተጫዋቾች መውጫ ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበቴ ሩጫ ከተባለ። ያው ጥበቃ ቆሟል። «የዘጠኝ ቁጥሩ እናት ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ» አልኩት። አዎ፣ አልኩ! አትዪ ያልከኝን አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይህን ማሊያ ለብሰው?» ብሎ ሳቀ።

«አዎ፣ ይህን ማሊያ ለብሼ!»

«እናቱ ቢሆኑማ የእኛን ይለብሱ ነበር። ይሂዱ እናት፣ አውቶቡስ ያመልጥዎታል።»

ማሊያውን ማውለቅ እችል ነበር፤ ከሥሩ ሹራብ ነበረኝ። አላወለቅኩም። እናትህ ለመሆን ልብስ አልቀይርም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እያንባረቀ እዚያው ተገተርኩ። በመጨረሻ ሐኪማችሁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ብቅ ሲል ከሩቅ ጮኼ ጠየቅኩት። «ጉልበቱ ነው እናቴ፣ አጥንቱ ደህና ነው» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ እሱ ማሊያዬን አላየም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም አኩርፎ ጠበቀኝ። ፀጉር አስተካካዩ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ተሳሳትኩ ይበሉና ከበሮው ይመለስልዎት፤ እኛም እንርሳው» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ አልጠላውም።

«አልተሳሳትኩም» አልኩት። «ሕጉን አውቃለሁ፤ እንካ መምቻውን። ይቅርታ ግን ከእኔ አታገኙም። ልጄ ሣር ላይ ተዘርሮ ከበሮ የምመታበትን ቀን አያሳየኝ።»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው፤ እስከ አገራችን ድረስ ጭኔ ባዶ ሆኖ ሄድኩ። አለቀስሽ ወይ እንዳትለኝ። ትንሽ ነው።

አንተንም ይቅርታ አልጠይቅህም። መጥቻለሁ፣ ነገም እመጣለሁ። ቅር ካለህ ቅር ይበልህ።

ደግሞ ያ የላክህልኝ የአዲሱ ቡድንህ ማሊያ ሰፊ ነው። ትከሻዬን ረሳኸው እንዴ? ዛሬ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ጎንና ጎኑን ፈትቼ አጠበብኩት። ትለብሰዋለች ብለህ ተስፋ እንዳታደርግ! ስፌት ቤቴ ውስጥ ክፉ ስፌት ተሰቅሎ ማየት ስለማልወድ ነው። በልኬ የሆነውም፣ ታዲያ በማን ልክ ላድርገው?

ጉልበትህን በደንብ አስታምም። መርፌ ወግተን እናጫውትህ ቢሉህ እምቢ በል፤ እምቢ ማለት እንደሆነ ከቤትህ ይዘኸው የሄድከው ነገር ነው። ክፉ አይይህ። እንቅፋት እንኳ አይምታህ።

በሚያዝያ ወደ እኛ ሜዳ ትመጣላችሁ። ከበሮ የለኝም፤ አፍ ግን አለኝ፣ እሰድብሃለሁ። ብታገባም አግባ፣ ብትስትም ሳት። ብቻ አትውደቅብኝ። ከወደቅክም ቶሎ ተነሣ፤ እዚህ በሩን የሚጠብቀው የሰፈራችን ሰው ነው፣ የማን እናት እንደሆንኩ ያውቃል።

አትዪ ብትለኝም፣
እናትህ