ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ለናፍቆቴ ለእማዬ፤ እንዴት ነሽ? እንዴትስ ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣል ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? ያ ሳልስ ለቀቀሽ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ቁጣሽ ብቻ ነበር የናፈቀኝ፤ እሱም ደርሶኛል።

ባለቤቴ ደውላ በዚህ በሰው አገር መኪናዬን አስነስቼ ብቻዬን ወደ ሰሜን መሄዴን ስትነግርሽ «ያባቱ እግር ነው» አልሽ አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቃልሽ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮኝ ይጓዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚወለደውን ልጅ አልጋ ገጥሜ ስጨርስ ክፍሉ ጠበበኝ። ብቀመጥ ተነስ፣ ብነሳ ውጣ ይለኛል፤ ውስጥ እግሬን ይበላኝ ጀመር። ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማ ሸኘችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ሆነ፣ ቀጥሎ ሰው የሚባል ጠፋ። ጥዱም እያጠረ ሄዶ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ ሆነ። አንዲት ድብ ከነልጇ መንገድ ዳር ፍሬ ስትለቅም ቀና ብላ አይታኝ ሥራዋን ቀጠለች። ቁራ ደግሞ ዞር ስል ዳቦዬን ይዞ በረረ፤ እዚህም ሌባ አለ ለካ። ብቻ የትም ብቆም ልቤ ሂድ ሂድ ይለኛል፤ ስሄድ ደግሞ ተመለስ ይላል። ሰው እንዴት በሁለት በኩል ይባረራል?

በመጨረሻው ማደያ ነዳጅ የምትቀዳው ሴትዮ ብቻውን የሚያልፈውን ሁሉ «ካልተመለስክ ለማን ልንገር?» ብላ ትጠይቃለች። እኔም ሳላስብ ያንቺን የአገር ቤት ስልክ ሰጠኋት። ቁጥሩን አይታ «ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥተው ሊፈልጉህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አፍሬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

አባዬ ከመንገድ ሲመለስ ከመታጠፊያው ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ክላክስ ሲያደርግ አንቺ ሻይ ትጥጂ አልነበር? እኔም ወርሼው ኩርባ ባየሁ ቁጥር እንደዚያው አደርጋለሁ። ከማደያው ካለፍኩ በኋላ አንድ ኩርባ ላይ ክላክስ ሳደርግ፣ ቀንዱ የበር ስፋት የሚያህል ወንድ አጋዘን ከጥሻው ወጣ። እንደ ከብት ይሸሻል ብዬ ደገምኩለት። ለካስ ወቅቱ ወንዶቹ በሴት የሚጣሉበት ነው፤ ባላንጣ የጠራው መስሎት አንገቱን ደፍቶ መጣና ስፖኪዮዬን ነቅሎ የፊት መብራቴን አደቀቀው። ከዚያ መንገዱ መሀል ቆሞ «ወንድ ከሆንክ ድገመው» ያለኝ ይመስል ጠበቀኝ። እጄን ከክላክሱ አንስቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ከቤት ከወጣሁ ያን ያህል ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።

ያኔ አባዬን አሰብኩት። ለመጨረሻ ጊዜ የሄደ ዕለትም ከመታጠፊያው ያንኑ ክላክስ አድርጎ ነው የሄደው። አንቺ ግን የተመለሰ መስሎሽ ሻይ ጣድሽ፤ ውኃው አልቆ ማንቆርቆሪያው እስኪያርር ከመስኮቱ አልተነሳሽም። እማዬ፣ ሚስቴን እዚያ መስኮት ላይ ማየት አልችልም። ፈርቼ ነው የወጣሁት፤ አሁንም እፈራለሁ። አጋዘኑ ሰልችቶት ሲሄድ መኪናዬን አዞርኩ።

ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ማደያ ሆኜ፣ መብራቱ እስኪጠገን ነው። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላረፈም፤ ግን ወደ ቤት ነው የሚቸኩለው። ሴትዮዋ ለማን ልንገር ሳትለኝ የባለቤቴን ስልክ ሰጠኋት።

እህቴን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ። ልጆቿን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ፤ ለትንሿ ድብ ምን እንደምትበላ ስመጣ እነግራታለሁ። አጎቴንም ከሶፋው ላይ ከተነሳ ሰላም በይልኝ። ለባለቤቴ ደውዬ፣ «ስደርስ ከመታጠፊያው ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ክላክስ አደርግልሻለሁ፣ ያኔ መምጣቴን ታውቂያለሽ» አልኳት። እሷ ግን «ክላክሱን ተወው። ቁልፍ ይዘሃል አይደል? ከፍተህ ግባ» አለችኝ።

ልጅሽ
ከመጨረሻው ማደያ፣ መስከረም 19 ቀን