ቆሞ የተቀበረው ፈረስ

ልጄ ካራስ፣ የቤተ መንግሥት ሰዎች ፈረስህን ነጥቀውኝ ከሞተው ንጉሣችን ጋር ከነነፍሱ ቀበሩት። ኩሩ ከምትባለው ከተማችን ሰላምታዬ ይድረስህ፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ተምሩም አፍርቷል።

የቀበሩት በወዲያኛው ዓለም የንጉሡን ሠረገላ እንዲጎትት ነው፤ እሱ ግን ሠረገላ ጎትቶ አያውቅም፤ ሰው በጀርባው ተሸክሞ እንዲዋጋ ያስተማርነው ነው። የነነዌ ሰዎችም አንተን የወሰዱህ ይህንኑ እንድታስተምራቸው ነው። "ለሠረገላ ሌላ ፈረስ ሞልቷል" ብዬ ብለምነው የቀብሩ አለቃ፣ "አባባ፣ ታዲያ ንጉሡ በእግሩ ይሂድ?" ብሎ ሳቀብኝ። እንደ ደንቡ ከነልጓሙ አቁመው አፈር መለሱበት። አፈሩ አንገቱ ጋ ሲደርስ እኔን እኔን ያይ ነበር።

የነነዌው ንጉሥ ታሟል ሲሉ ሰማሁ። እዚያ ንጉሥ ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ፈረስ ብቻ ነው? መልሱን በመጀመሪያው ነጋዴ ላክልኝ።

እናትህ ትስምሃለች፤ አምላካችን አሞን ይጠብቅህ። ስለ ፈረሱ ግን ዳግመኛ አልናገርም።

አባትህ ኬልባስ