መረሬው የዋጠው ጉትቻ

ኦክቶበር 4፣ እሑድ

ደረቅ። ነፋስ አለ፣ ደመና የለም። ቤት የዋልነው አማቴ ኮኮ፣ ጣውንቴ ሲላንቶይ፣ እኔና መነሣት ያቃታቸው ሁለት ጊደሮች። ባላችን ኮይኔት ዶልዶል ገበያ ወርዷል።

ጣሪያውን መረግኩ። እበቱን ከጎረቤት ለምኜ። ከብት ያለው ሰው እበት ሲለምን... ምን ይደረግ? ከብቱ ተራራ ላይ ነው። ልጄ ሌሻን ነድቶት ከወጣ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። አንድ ቀን በሰው ስልክ ደወለ። «እማ፣ ሣር አለ፤ ብርዱ ግን ይገድላል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ሜዳው ተሰነጣጥቋል። ዘንድሮ ንቃቃቱ የፍየል ግልገል ይውጣል። ኮኮ ይህ መረሬ፣ ይህ ጥቁር አፈር፣ ድሮ ተራራው የተፋው እሳት ነው ይላሉ። እሳቱ ድንጋይ ሆነ፣ ድንጋዩ አፈር ሆነ፣ «ረኃቡ ግን አልለቀቀውም»።

ኦክቶበር 6

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ከኩሬው ስመለስ ነው። ጀሪካኑን በጀርባዬ አዝዬ፣ ጠፍሩን በግንባሬ ይዤ። ጠፍሩ ተንሸራተተና የግራ ጆሮዬን ጉትቻ ያዘው፤ ማሰሪያው ተበጠሰ። ነሐሱ ሲወድቅ አየሁት። መሬት ላይ ቢያርፍ ምን ነበረበት? ቀጥ ብሎ ንቃቃቱ ውስጥ ገባ። ቅጭል አለ። ራቅ ብሎ ደግሞ ቅጭል። ከዚያ ዝም።

በሆዴ ተኝቼ እጄን እስከ ብብቴ ሰደድኩ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ምንም የለም።

ሌሻን የተገረዘ ቀን ነው ያጠለቅኩት። የጎረምሳ እናት ይህን ጉትቻ የምታወልቀው ልጇ ሲሞት ነው። ሌላ ጊዜ አታወልቀውም። ስትተኛም፣ ስትወልድም።

ኮኮ ዓይኔ ደክሟል ሲሉ ይውላሉ። ከበሩ ላይ አዩኝ።

«ጆሮሽ!»

«ንቃቃቱ ወሰደው፣ ኮኮ።»

«እንግዲያ ሌላውንም አውልቂ። መሬቱ ነግሮሻል።»

«አላወልቅም» አልኳቸው።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እምቢ ያልኳቸው ዛሬ ብቻ ነው መሰለኝ።

ኦክቶበር 7

ኮይኔት ስልክ ሲሞክር ዋለ። የልጁ ጓደኛ ስልክ ዝግ ነው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሰማዩን አየ።

ዲጂኖ አንሥቼ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ተከተለኝ።

«አንቺ ሴት፣ ለስባሪ ነሐስ አገር ልትቆፍሪ ነው?»

«አዎ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሚስቱ መሬት ትቆፍራለች ይልሃል።»

ተመለሰ። አልፈርድበትም፤ እሱም ፈርቷል። የፈራ ወንድ ሲቆጣ ነው የሚያምርበት።

ሲላንቶይ ውኃ አመጣችልኝ። ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብላ ወደ ውስጥ አየች። «መሬቱም ጌጥ ይወዳል እንዴ? እኔማ እንዲህ የሚሻማብኝ ባል እንኳ አላገኘሁ።» ሳልፈልግ ሳቅኩ።

መረሬ ሲደርቅ ብረት ነው። ዲጂኖው ይነጥራል። ክንዴ ቆስሎ ገባሁ።

ኦክቶበር 9

ነፋስ። ግራሮቹ ሲያፏጩ ዋሉ።

ሦስት ሴቶች መጡ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው... ልቅሶ ቤት እንደሚገባ። አንደኛዋ እጄን ይዛ «እግዜር ያጽናሽ» አለች።

«ምን ሆኜ?»

ተያዩ። ጆሮዬን አዩ።

ስኳሩን ገልብጬ በቅል መለስኩላት። «ሌሻን ሲመጣ አምጪው፤ እሱ ሻይ ሲጣፍጥ ይወዳል» አልኳት። ተቀይማ ወጣች። የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ግን አስቀረሁት። ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው ዳር ላይ ነው። የዛሬው ወረቀት ስለ ዝናብ ያወራል። ግማሹ ተቀዷል። ይዘንባል ይሁን አይዘንብም አላወቅሁም።

ኦክቶበር 12

በሬ ሊገዛ የወረደ ሰው በደጃችን አለፈ። ተራራው ላይ ክፉ ብርድ ወርዷል አለ፤ ከብት አልቋል፣ ልጆቹ ከጫካው ወጥተው ተበትነዋል።

«ሌሻን የሚባል ረጅም ልጅ አላየህም? ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው።»

«እናቴ፣ እዚያ ያለው ሁሉ ረጅም ነው።»

እሄዳለሁ አልኩ። ኮይኔት መሄድ አይችልም፤ ተራራ ላይ ያለው ከብት ካለቀ የሚቀሩን እነዚህ ሁለት ጊደሮች ናቸው፣ ጥሏቸው አይሄድም። እኔ ግን እችላለሁ። ሜዳውን ተሻግሮ የናንዩኪ መንገድ፣ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ እየጠየቁ።

ኮኮ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «አንድ ጆሮሽ ባዶ ሆኖ ልጁ ፊት ልትቆሚ ነው? ቢኖር እንኳ በገዛ እጅሽ ትገድዪዋለሽ!»

ይህ ነው ያሰረኝ። ባላምንበትም አሰረኝ። ብሄድና አንድ ነገር ቢሆን... ማን ይምረኛል? እኔስ ራሴን እምራለሁ?

ስለዚህ መጀመሪያ ጉትቻው። ግን ቶሎ ነው። ዝናብ ከጣለ መረሬው ያብጣል፣ ንቃቃቱ አፉን ይዘጋል። ሜዳውም እስኪጠነክር ሰው አያሻግርም፤ ባለፈው ጊዜ አህያ እዚያው ቆማ ሞታለች።

ኦክቶበር 14

ጉድጓዱ ደረቴ ደርሷል። ተራራው ራስ ላይ ደመና አለ።

ያወጣሁት፦ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ አንዲት ሰማያዊ ዶቃ። ዶቃዋ የማን ትሆን? ይህ አፈር የዋጠውን አያስቀምጥም። ሲያብጥና ሲኮማተር ያላምጠዋል። ድንጋዩንም እንዲሁ ነው ከሥር ገፍቶ ላይ የሚያወጣው።

ሲላንቶይ አፈሩን በቅርጫት ተቀበለችኝ። «ካገኘሽው አንዷን ቀለበት ለኔ» አለች። «ቀለበት አልጣልኩም።» «ታዲያ ቆፍሪያ፤ መሬቱ ሲያፍር ይጨምርልሻል።»

ኦክቶበር 15

አገኘሁ።

ነሐስ መሆኑን ዲጂኖው ነገረኝ፤ ድምፁ ይለያል። በጥፍሬ ፈለፈልኩት። በምራቄ አጠብኩት። ወደ ብርሃኑ አነሣሁት...

የኔ አይደለም።

የኔ ቀጭን ነው። ይህ ወፍራም፣ የድሮ ሰው ሥራ። ጥምዝምዙ አንድ ጎኑ ተቆርጦ በሽቦ ተጠግኗል። ከጉድጓዱ ሳልወጣ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ስል ምሽት ሆነ።

ቤት ገብቼ ኮኮ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው፣ መሬቱ የሰጠኝ ይህን ነው።»

ዓይናቸው ደክሟል አልኩ አይደል? አላዩትም፤ ዳበሱት። ጣታቸው ሽቦው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የት?»

«ከንቃቃቱ ሥር።»

«እዚያ... እዚያ ነበር ድሮ ሰፈራችን።» ሽቦውን መልሰው ዳበሱት። ሻዩ ቀዘቀዘ። «ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ኮይኔት ቀና አለ። «እማዬ?»

«አንተ ዝም በል። ጎረምሳ ሳለህ ከብት ልትዘርፍ ወደ ሰሜን የሄድክ ጊዜ ነው የጠፋኝ። ጆሮዬ ቆሰለ ብዬ በጨርቅ አሰርኩ። አባትህ እንኳ አላወቀ። አንጥረኛው ሌላ እስኪሠራልኝ ድረስ ያ ጨርቅ ከራሴ አልወረደም።»

«ኮይኔትስ?» አለች ሲላንቶይ። ማን ሌላ እንዲህ ይጠይቃል!

«ይኸው፣ በሬ አክሎ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።»

ማንም አልሳቀም። በኋላ ግን እሱው ጀመረና ሁላችንም ሳቅን። ኮኮ አልሳቁም። ነሐሱን ጨብጠው ወደ እሳቱ ያዩ ነበር።

«ታዲያ እኔን ለምን አውልቂ አሉኝ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ።

«ፈርቼ ነዋ፣ ልጄ። ያኔ በፍርሃት ዝም አልኩ። አሁን በፍርሃት ጮኽኩ።» ነሐሱን ዘረጉልኝ። «አድርጊውና ሂጂ።»

ተቀበልኳቸው። በእጄ መዘንኩት። ከባድ ነው። ጆሮዬ ጋ አደረስኩት... መልሼ ሰጠኋቸው።

«የእርስዎ ነው። የኔ መሬት ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ በጨርቅ ሸፍኚው።»

«አልሸፍንም፣ ኮኮ። እንዲሁ እሄዳለሁ።»

ኦክቶበር 16

ሰማዩ ጠቁሯል፣ አልጣለም። ቅሉን በጭስ አጠንኩ። ጫማዬን በሽቦ ጠገንኩ። ኮይኔት አንዷን ጊደር ለሥጋ ሸጦ የመኪና መሳፈሪያ ሰጠኝ። ሳልጠይቀው ነው የሸጠው።

ነገ።

ኦክቶበር 17፣ ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው የከሰል መኪና ላይ ነው። ይነቀንቃል።

ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣሁ። እርጎውን በቅል ሞላሁ። ራሴን አልሸፈንኩም። ኮኮ ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደተነሡ አላውቅም። ግንባሬ ላይ እትፍ ብለው መረቁኝ፤ ቀጥሎ ባዶ ጆሮዬን በሁለት ጣታቸው ይዘው እሱንም እትፍ አሉበት። «ካገኘሽው በሬ አክሏል ብለሽ ላኪብኝ» አሉ።

ሲላንቶይ እስከ ጉድጓዱ ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ ጣለ። ትልልቅ ጠብታ፣ አቧራ አቧራ የሚሸት። የንቃቃቱ ከንፈር ሲጠቁር አየነው። ዲጂኖው ጠርዙ ላይ ተጋድሞ ነበር። አነሣችውና «ልቆፍርልሽ? ገና አልተዘጋም እኮ» አለች፤ ምሯን ነበር።

«ተይው። አንድ ቀን የሌሻን ሚስት ትቆፍረዋለች።»

ዲጂኖውን ተሸክማ ተመለሰች። እኔ ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ጭቃው ጫማዬን ያዘ፤ አውልቄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። መረሬው ከሥሩ ገፍቶ ያወጣቸው ጥቋቁር ድንጋዮች ሜዳው ላይ ፈሰዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየረገጥኩ ተሻገርኩ። ሁለቴ ወደቅኩ። እርጎው አልፈሰሰም።

አስፋልቱ ላይ ይህ መኪና ቆመልኝ። ሹፌሩ ጭቃዬን አየ፣ ቀኝ ጆሮዬን አየ፣ ግራውን አየ። የኛ ሰው ነው።

«እናቴ፣ ልቅሶ ነው የምትሄጂው?»

«አይደለም» አልኩት። «ልጄ ጋ ነው።»