ባለ ሁለት ፊቱ ጆንያ

ይድረስ ለወንድሜ ለኢዳልቤርቶ፣ ሜክሲኮ ከተማ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? ባለቤትህስ ኢትሴል እንዴት ናት? የትንሿ ሚሬያ ሳል ለቀቃት ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ከዓይኗ ድካም በቀር ምንም አትልም። እኔም ያው የሰፈሩን ልጆች ሥዕል አስተምራለሁ፤ ቀለም ሲጠፋ በከሰል፣ ከሰል ሲጠፋ በወሬ።

የላክኸው የኤግዚቢሽን ፖስተር ደረሰን። ጎረቤታችን ኦዲሊያ ቀድማ ዘርግታው፣ «ኔሬይዳ፣ አንቺም ምነው እንደ ወንድምሽ በሠራሽ» አለችኝ። እማዬም ግቢ፣ ብርሃን ላይ አውጥታ፣ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። ፖስተሩ ላይ ያለችው ራሷ ናት፤ ከትልቁ የውሃ ጋን አጠገብ ፀጉሯን ስትታጠብ። «አየሽ የልጄን እጅ? አንገቴ ላይ ማርያም የሳመችኝን እንኳ አልረሳም» ብላ አለቀሰች። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ጥቁር አደንጓሬዬን መልቀም ቀጠልኩ።

ያቺን ሥዕል የሣልኳት እኔ ነኝ፣ ኢዳልቤርቶ። ሸራ በጠፋበት በዚያ ዓመት አንድ የዱቄት ጆንያ ተርትረን ወጠርን፤ በአንዱ ፊት እኔ እማዬን ሳታየኝ፣ በሌላው አንተ መርከብህን ሣልን። አንተ ከመርከብህ ሥር ስምህን ጻፍክ። እኔ ልፈርም የጋኑ ጥላ ቀለም እስኪደርቅ ስጠብቅ ጠቅልለኸው ወደ ሜክሲኮ ሄድክ። እዚያ ያሉት የኤግዚቢሽኑ ሰዎች እኔ የሣልኩበትን ፊት ወደ ውጭ አድርገው ሰቀሉት፤ ከጀርባው ስምህን ቢያገኙ ሠዓሊው ከኋላ የፈረመ መሰላቸው። ስህተቱ የነሱ ነው። ዝምታው ግን ያንተ ነው።

አልዋሽህም፣ ቅናት አንጀቴን እየበላው ነው። እማዬ የዶሮውን ቅልጥም ሁልጊዜ ላንተ ስትሰጥ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም። በገዛ ሥዕሌ መቅናቴ ደግሞ ይብሳል። ሥዕሏን ሰው ተሰልፎ ያያታል፤ እኔ ስኳር በጥብጬ ጠጥቼ ለዳቦ እሰለፋለሁ። መርከብህ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ ብቻ ትንሽ ያስቀኛል።

ሸራውን ገልብጥ፣ ስሜን ጻፍበት አልልህም፤ እንጀራህ ነው። ለእማዬ ግን እውነቱን ጻፍላት።

ኢትሴልን ሰላም በልልኝ፣ ሚሬያን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ትስምሃለች፤ ኦዲሊያም ሰላም ብላሃለች። ለእማዬ የምትጽፈውን በኦዲሊያ ስም ላከውና እሷ ታንብብላት። እኔ ካነበብኩላት ከራሴ የጨመርኩት ይመስላታል።

እህትህ ኔሬይዳ
ካማጉዌይ፣ መጋቢት 14 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.