ቢላዋ በሣር የሚጠረግበት አገር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ዛሬም ዘነበ። ካልሲዬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አልደረቀም። የዶርም ጓደኛዬ ባርኮት አልጋው ብረት ላይ ካልሲ አስጥቶ አየሁ... የኔን ነው ለካ! የሱ መሬት ላይ ወድቋል። "ዚያዶ፣ ያንተ ይቅደም፤ አንተ ለውሃ አልተፈጠርክም" አለኝ። ይሄ የአዲስ አበባ ልጅ ደግነቱንም በስድብ ጠቅልሎ ነው የሚሰጥህ።

ሬጅስትራር በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚፈልግ እስከ ግንቦት 8 ቅጽ ሞልቶ ያስገባ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰመራ! ከአሳይታ፣ ከአባቴ ቤት፣ የአንድ ጠዋት መንገድ። ፎቶ አነሳሁት። ደግሜ አነሳሁት፣ ምናልባት አንዱ ቢደበዝዝ።

ሁለት ዓመት ዲላ ኖሬ አንድ ነገር አልለመድኩም። እዚህ ሰው ሲመጣ አይታይም። እኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ ነጥብ ነው። ቀጥሎ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ በአረማመዱ የማን ልጅ እንደሆነ ይለያል። እስኪደርስ ወተቱ ይጠብቀዋል። እዚህ ግን ከእንሰት ቅጠል ጀርባ ድንገት ብቅ ይልና "ሰላም ነው?" ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

መስክ ወጣን፣ ወናጎ። መምህር ሀብተ ጊዮርጊስ በቡድን በቡድን አድርጎ በየገበሬው ቤት በተነን። የኛ ቡድን እትዬ ጥሩብርሃን የሚባሉ ሴት ጓሮ ደረሰው። ጓሮ ይሉታል እንጂ እኔ ጫካ ነው የመሰለኝ። ቡናው፣ እንሰቱ፣ ትልልቁ ዛፍ ተደበላልቆ...

"ጓሮው የት ነው?" አልኩ።

ልጃቸው ሳሮን ሳቀች። "ቆመህበታል።"

ሥራው ቀላል ነበር። ከየእንሰቱ አንድ ቅጠል ቆርጦ መለካት። እትዬ ቢላዋውን ሲሰጡን ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። አልሰማሁም፣ ስልኬ ላይ ለዝውውር ቅጹ የምጽፈውን እያዘጋጀሁ ነበር። ስም... መታወቂያ ቁጥር...

ባርኮት ለካ፣ እኔ ቆረጥኩ። ከአጥሩ ጥግ ካለችው፣ ቢጫ ቢጫ ከምትለው ጀመርኩ። ከዚያ ሌሎች ሰባት። በየመሃሉ ቢላዋውን በሣር ጠረግ ጠረግ። አባቴ ፍየል ሲያርድ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ንጹሕ ሥራ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ቅጹ ላይ "የዝውውሩ ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። ሁለት መስመር ብቻ!

ሙቀቱ ብል ይስቃሉ። ግን እውነት ሙቀቱ ነው... ቀትር ላይ ዝንቡ እንኳ ሲያርፍ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ተናጋሪ ሲጠፋ። የእናቴ የፍየል ወተት፣ በታጠነ ዕቃ ውሎ ጭስ ጭስ የሚለው። ለባርኮት ስነግረው "ወተት ታሳርራላችሁ ማለት ነው?" አለኝ። ምን ይደረጋል።

ዳጉስ? እሱ በሁለት መስመር ያልቃል? እኛ ዘንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ይላል። ምን አየህ? ምን ሰማህ? የዘነበበት፣ የተወለደ፣ የሞተ፣ የጠፋ ግመል... ሳይጨመር ሳይቀነስ ይነገራል። ራስህ ያጠፋኸው ካለም ይነገራል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል?

"የቤተሰብ ጉዳይ" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም መቼም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

የዛሬው ትምህርት ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ነበር። መምህር ሀብተ ጊዮርጊስ "በምን ይተላለፋል?" አለ። አንዷ ከኋላ "በቢላዋ!" አለች። "ታዲያ የታመመ የቆረጠ ቢላዋ ምን ይደረጋል?" ግማሹ ክፍል ባንድ አፍ "እሳት ላይ ያልፋል!"

የዚህ አገር ልጅ ከእናት ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። እኔ ብቻ...

ያቺ ቢጫዋ።

እትዬ የተናገሩት ይህን ነበር። ይህንኑ ነበር!

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ክፍል አልገባሁም። ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የወናጎ ረዳቶች ሳይለምዱኝ አልቀሩም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ለባርኮት ነገርኩት። ከፍቅረኛው ከሉሲ ጋር እየተጻጻፈ ስለነበር መጀመሪያ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማኝ። በኋላ ስልኩን አስቀመጠ። ሉሲን ማስጠበቁ ራሱ ነገሩ ከባድ መሆኑን ነገረኝ።

"ታመሙ ያለህ ማነው?"

"ቢታመሙስ?"

"ቢታመሙ ደሞ በምን እንደታመሙ ማን ያውቃል? አቦ ተረጋጋ! ቅጽህን አስገባ፣ ክረምት ሂድ፣ በቃ።"

ማን ያውቃል... እኔስ? ደግሞ ለእትዬ ካልነገርኳቸው ጤነኛ ናቸው ብለው ሰባቱን ይቆርጣሉ፣ በዚያው ቢላዋ ሌላውን ይነካሉ። ከዚያ የጎረቤቱን።

አንድ ዓመት የአጎቴ ፍየሎች ታመሙ። አዋሽ ዳር ውሃ ለማጠጣት ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አጎቴ ገና ከሩቁ "አትጠጉኝ! መንጋዬ ታሟል!" እያለ ጮኸ። ሰው ከብቱን እየነዳ ሸሸ። አጎቴ ለብቻው ቀረ። ግን የረገመው አልነበረም። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ኮርቼበት ነበር።

የእትዬን ስልክ ቁጥር እንኳ አላውቅም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ሄድኩ። ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ጭቃ። እትዬ ጥሩብርሃን ከቸርች አልተመለሱም ነበር። ደጃፉ ላይ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ...

"አንተ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲው አይደለህም? ምን ረስተህ ነው?" አሉ ሲደርሱ።

"ቁጭ ይበሉልኝ" አልኩ። ቆሞ የሚነገር አልመሰለኝም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስልኬን፣ ቢጫዋን፣ ሣሩን።

"ሣር?" አሉ በመጨረሻ። "ቢላዋ በሣር?"

"እኛ አገር እንደሱ ነው።"

"እናንተ አገር እንሰት አለ?"

"የለም።"

"እኮ!"

ሳሮን አፏን ያዘች። ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አላወቅኩም።

"አምስት ዓመት ነው ያሳደግኳት። ልጅ ናት እንሰት። ልጆቼ የሚበሉት ነው፣ የከርሞውም። ቢጫዋንስ ነቅዬ ቀብሬያታለሁ፤ ከሷ በኋላ ስንቱን ነካህ?"

"ሰባት።"

"የቱን? ጓሮው የት ነው ብለህ የለ፣ አሁን ለይተህ ታውቀዋለህ?"

ተነሥቼ አሳየኋቸው፣ በቆረጥኩበት ቅደም ተከተል። ይህቺ አንገቷ ቀላ ያለችው፣ ይህቺ ወደ ቡናው ያዘነበለችው... መቶ ፍየል መሃል የአክስቴን ሦስቱን የምለይ ሰው ሰባት እንሰት ይጠፋኛል? እትዬ እየተከተሉኝ በያንዳንዷ ላይ ጨርቅ አሰሩ። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ፊቴን አዩኝ።

"በየሳምንቱ ትመጣለህ። ካልታመሙ አይተህ ትመለሳለህ። ከታመሙ ነቅለህ የምትቀብረው አንተ ነህ።"

ምሳ ብላ አላሉኝም። ልክ ናቸው።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ሰባቱም ቆመዋል። ጎረቤታቸው ጋሽ ባልቻ ከአጥር ማዶ ሆነው "የሣሩ ልጅ መጣ!" አሉ። ገና ከባጃጅ ስወርድ ሁለት ሕፃናት ሣር እያሳዩ ስቀውብኛል። ወሬው እኔን ቀድሞኛል። እዚህ አገር ዳጉ የለም ያልኩት እኔ ነኝ?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

የመጨረሻው ቀን። ጠዋት ሬጅስትራር ተሰለፍኩ፣ ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው። ሳሮን ደወለች፤ ባለፈው እሑድ ቁጥሬን ወስዳ ነበር።

"ሁለቱ ጠውልገዋል። እማዬ ዛሬ ካልተቀበሩ ለሌላው ይተርፋል አለች።"

"ከሰዓት ብመጣስ?"

 "እንደፈቀድክ" አለች። እንደፈቀድክ! ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ባርኮትን ቅጹን አስገባልኝ አልኩት። ሄዶ ሲጠይቃት ጸሐፊዋ "ባለቤቱ ራሱ ፊቴ ካልፈረመ አልቀበልም" አለች። ከፊቴ ስምንት ሰው ቀርቷል። ሰባት... ጫማዬ ውስጥ እግሬ አልቀመጥ አለኝ። ሰልፉን ለቅቄ ወጣሁ። ባርኮት ከኋላዬ "አንተ እብድ! ሰመራህስ?" ይላል።

በዝናብ ቆፈርኩ። ጋሽ ባልቻ ኮባ ደርበው ቆመው "ጥልቅ! ጥልቅ! የፍየል መቃብር መሰለህ?" ይሉኛል። እትዬ የተቆረጡትን እየጎተቱ አመጡ። አንገቷ ቀላ ያለችውን ግን እኔ አልጣልኩም፣ ራሳቸው ናቸው ያስገቧት። አፈር ስመልስ ዓይናቸውን አላየሁም።

ግቢ ስመለስ ሬጅስትራር ተዘግቷል። ቅጹ ኪሴ ውስጥ ረጥቦ "የቤተሰብ ጉዳይ" የሚለው ቀለሙ ፈስሷል።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ለአባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነበር።

"ሰባት ነበሩ አልክ?"

"አዎ አባ።"

"አምስቱስ?"

"ቆመዋል። እስካሁን።"

"ታዲያ አምስቱን ሳታይ ወዴት ልትመጣ ነበር?"

ወንድሜ ከኋላ "የቅጠል እረኛ ሆነ በሉት!" እያለ ይስቃል። እናቴ ክረምት ትመጣለህ አይደል ትላለች። እመጣለሁ። ስልኩን ስዘጋ ሁሉም ባንዴ ናፈቁኝ፣ ያ አውራ ጎዳና ላይ የሚጨፍረው ሙቀት ሳይቀር። ግቢውን አምስት ጊዜ ዞርኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሦስተኛዋም ወደቀች። ቀበርኳት። አራት ቀርተዋል። እትዬ ዛሬ ቆጮ በጎመን አቀረቡ፣ "ብላ" ብቻ አሉ። በላሁ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

ስመለስ መንገዱ ማዶ ያሉ የማላውቃቸው ሴት አስቆሙኝ።

"የሣሩ ልጅ አንተ ነህ?"

"ነኝ።" (ምን እላለሁ?)

"ና እስቲ የኔንም ጓሮ እይልኝ። ጎረቤቶቼ እንዳልደነግጥ ብለው ደህና ነው፣ ደህና ነው ይሉኛል። አንተ የራስህንም ጥፋት አልደበቅክም አሉ።"

ገባሁ። ዞርኩ። ፊቴን እያዩ ይከተሉኛል። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን አየሁ፣ አፈርኩ። ከቡናው ሥር አንዷ መሃል ቅጠሏ ጎንበስ ብሎ ቢጫ ጀምሮታል። ዙሪያዋን ደግሜ አየሁ። ልሳሳት እችላለሁ? አልተሳሳትኩም።

"ይህቺ ታማለች፣ እትዬ። ሌላው ደህና ነው።"

እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። "አውቄው ነበር" አሉ። "እኔኮ አውቄው ነበር። የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።"

ሰማዩ እንደገና እየጠቆረ ነበር። ኮቴን አውልቄ ቡናው ላይ ሰቀልኩት።

"ዶማ አለዎት?" አልኩ።