የትንሹ ጉማሬ ገጽ

ትርንጎዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ እነሆ ሰባት ወር ሆነ። መንፈቅሽን ዘክረን፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ልጽፍልሽ ተቀምጬ ነበር። የሰው ክስና አቤቱታ ስገለብጥ የምውል የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ለገዛ ሚስቴ አንድ መስመር አቃተኝ። ዛሬ ግን የምነግርሽ አለኝ።

እናትሽ ከዱርቤቴ መጥተው አብረውን ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ፍሬያችን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ወሬዋ አያልቅም። ጸጉሯን የማበጥራት እኔ ነኝ፣ እያስለቀስኋት።

ፍሬ ጥርስ ሳታበቅል ፋሲሎ ሰፈር ካለው መጽሐፍ መሸጫ የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ጽሑፍ የበዛበትን አነሳሁ፤ መጽሐፍ ከተባለ አይቀር የሚነበብ ነገር ይኑረው ብዬ። አንቺ ከእጄ ነጥቀሽ መለስሽውና ገጹ እንደ ካርቶን የወፈረውን፣ ሥዕሉ ትልልቅ የሆነውን፣ በየገጹ አንድ መስመር ብቻ ያለውን መረጥሽ። ሕፃን መጀመሪያ የሚያነበው በአፉ ነው ብለሽ ሳቅሽብኝ። እውነትሽን ነበር፤ የፍሬ ጥርሶች ምልክት ዛሬም ጠርዙ ላይ አለ። የሐይቅ ዳር ልጅ የምታውቀውን ትመልከት ብለሽም ነው ዓሣና ታንኳ፣ ጉማሬም ያለበትን የወሰድሽላት።

ካረፍሽ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ ብገዛላት ብገዛላት ትወረውረዋለች። ያንቺን ብቻ ታመጣለች። እኔም የተጻፈውን አነብላታለሁ፣ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ይኖራል እያልሁ። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም፤ እንጀራዬ ነዋ። እሷ ግን በትንሿ መዳፏ መጽሐፉን ትዘጋና አይደለም ትለኛለች። እንደገና ባነብ፣ አሁንም አይደለም። ከዚያ ታለቅሳለች።

የተጻፈውን ትተሽ የራስሽን ታወሪላት እንደነበር አውቃለሁ። እንዲያውም በዚህ እቆጣሽ ነበር። ምን ትያት እንደነበር ግን አላውቅም። አብዛኛውን ቀን እኔ ስገባ እናንተ አንብባችሁ ጨርሳችኋል፤ ቀደም ብዬ የገባሁ ዕለት ደግሞ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። ወይኔ ትርንጎ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ያወራሽውን አልሰማሁሽም። እናትሽን ጠየቅኋቸው፤ አያውቁም። ፍሬን ብጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትነግረኝም። እንግዲህ ይዘሽው ሄድሽ ብዬ መጠየቄን ተውሁ።

ባለፈው እሑድ መጽሐፉን ይዘን ጣና ዳር ወረድን። ጉማሬው ገጽ ላይ ስንደርስ ደከመኝና ዝም አልሁ። ጥቂት ጠበቀችኝ። ከዚያ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ፣ ቃሉን እንዳንቺ እየጎተተች አወራችልኝ፦

«ትንሹ ጉማሬ አባቱን ይጠብቃል። አባቱ ሥራ በዝቶበት ነው። አሁን ይመጣል።»

ለካ እኔ ሳመሽ እንዲህ እያልሽ ነበር የምታቆያት። እኔ ስቆጣሽ እንኳ አንድ ቀን ይህን አልነገርሽኝም። እዚያው ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ፍሬ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝ።

አሁን እንዳንቺ ነው የማነብላት። የሥራ ሰዓት እንዳለቀ እወጣለሁ፤ ስልኬን እናትሽ ይደብቁልኛል። አባቱ መጣ ስላት ታጨበጭባለች። ትናንት ግን ገጹን ልትገልጥ ስትል ቆም አለችና እናቱስ አለችኝ። ይህን አላስተማርሽኝም፣ ትርንጎዬ። ገጹን ሳልገልጥ አቅፌያት ቆየሁ።

መልሱን እስካገኝ ድረስ በየቀኑ እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ስምሽን እጠራላታለሁ። ሳቅሽን፣ አነጋገርሽን፣ እኛን እንዴት ትጠብቂን እንደነበር እነግራታለሁ፤ አንድ ቃል ሳልቀንስ።

ያ አምሽቶ የሚገባው ባልሽ