ያለ ጣት የባረቀው ጥይት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? መነጽሩንስ ለመዱት ወይስ አሁንም ኪስዎ ውስጥ ነው የሚውለው? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሰው ሲያየኝ ግን ፊቴን ወዴት እንደማዞረው ጠፍቶኛል። ዕድሜዎን ሙሉ የጦር መሣሪያ ሲጠግኑ ለኖሩት ለእርስዎ ልናዘዝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እዚህ መጋዘን ጥበቃዎቹ በፈረቃ የምንቀባበለው አንድ አሮጌ የወታደር ጠመንጃ አለ። እንኳን እኔን እርስዎንም በዕድሜ ይበልጣል። መዝጊያው እየተጣበቀ ቀልሃ አላወጣ ይላል፤ ምላጩም ከመክበዱ የተነሳ "ለመሳብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል" እየተባለ ይቀለድበት ነበር። እኔም አፌን ሞልቼ "የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ተዉት" አልኩ። መዝጊያውን አውጥቼ በናፍጣ አጠብኩት። የደረቀው ግራሶ ተላጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ ይንሸራተት ጀመር። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ምስጋናው ጣመኝና ምላጩንም ልሥራ አልኩ። ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ይዞ የሚያቆመውን ጥርስ በሞረድ ነካ ነካ አደረግሁት። እርስዎ ያንን ጥርስ ማንም እንዳይነካው ሲከለክሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ምላጩ ቀለለ፤ "እጅሽ ይባረክ" ተባልኩ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጠመንጃውን ከእኔ የተረከቡት አንድ አዛውንት ዘበኛ ናቸው፤ ደቂቃ ስለማያዛንፉ ጋሽ ቀጠሮ እንላቸዋለን። አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው፣ ጥይት አጉርሰው መዝጊያውን ሲገፉት ባረቀ። ጥይቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ፤ ሰው አልነካም። ጣታቸው ምላጩ ላይ አልነበረም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። መርፌውን የለቀቀው እኔ የሞረድኩት ጥርስ ነው። ኃላፊው ግን እየሮጠ መጥቶ "አርጅተዋል፤ እጅዎ አይታዘዝዎትም" ብሎ ከሥራ አገዳቸው። ምን እንዳየሁ ሲጠይቀኝ "ልብ አላልኩም" አልኩ።

አባዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን እያገላበጡ "ልጄ፣ ጣቴን ያስገባሁ አልመሰለኝም ነበር፤ አሁን ግን ይህን እጅ እኔም አላምነውም። የልጅ ልጄን ማቀፍ ፈራሁ" አሉኝ። እንባዬ ቀደመኝ። እዚያው ክንዳቸውን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኃላፊው ጠመንጃውን ባዶውን አቀባብሎ ሰደፉን ወለሉ ላይ መታ ቢያደርገው፣ ማንም ሳይነካው መርፌው ቀጭ አለ።

ጋሽ ቀጠሮ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔን ጠመንጃ ከልክለው መኪና መመዝገብ ላይ አስቀመጡኝ፤ ይበለኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰለዎት? "የሞረዱን ትቼልሻለሁ። የገዛ እጄን ስጠላው ዝም ብለሽ ማየትሽን ግን ገና ከሆዴ አላወጣሁትም።" በየቀኑ በሰዓታቸው በፊቴ ያልፋሉ፤ ሰላምታዬን በአንገታቸው ይመልሳሉ፣ አይጨብጡኝም።

የእርስዎን ሙያ በአፌ መኩሪያ ስላደረግሁት እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ። ይህን ለእማዬ ሲያነቡላት አንድም መስመር አይዝለሉባት። ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን፣ ባሏንና መንታዎቹን፣ ጓሮ ያለችውን አክስቴንም ሰላም ይበሉልኝ። ይቅር ካሉኝ ይጻፉልኝ፤ ካላሉኝም ይጻፉልኝ።

ያሳፈረችዎት ልጅዎ

ከመጋዘኑ በር፣ መኪና መመዝገቢያው ክፍል
የካቲት 6 ቀን